ለልጄ፦ ፋሲል ግንብ ከመሄዳችሁ በፊት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ለሐምሌ ልጆቹን ይዘሽ እንደምትመጪ ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማታ ግን እህትሽ ደውላ ባቢ የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ወጥቶ ጎረቤት እንዳወረደው ነገረችኝ። ለምን ደበቅሽኝ? አልተቀየምኩሽም፤ እንቅልፍ ግን አጣሁ፤ ልታሳዪው ያሰብሽው ግንብ ነውና። ከወዲሁ ልንገርሽ፤ ግቢው ውስጥ የባቢን እጅ አትልቀቂ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ሁኑ። በሐምሌ ዝናቡ ከምሳ በኋላ ነው የሚበረታው። ክረምት ላይ ደረጃው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቅላል፣ ያንሸራትታል። ነጠላ ጫማ እንዳታደርጊላቸው፤ ሶሉ ጥርስ ያለው ሸራ ጫማ ይሁን። ቲኬቱን አትጣዪው፣ የፋሲል መዋኛ በር ላይም ይጠይቁሻል። አስጎብኚ ስትይዢ ልጆች እንዳሉሽ ቀድመሽ ንገሪው፤ አለዚያ የነገሥታቱን ስም በተራ ሲዘረዝር ሚሚ ትደክማለች።

አጥሩ ብቻ 900 ሜትር ይሆናል፤ ሁሉንም ላሳይ ብለሽ አታድክሚያቸው። አስራ ሁለት በር እንዳለው ንገሪያቸውና የበሮቹን ስም ያጥኑ። ባልደራስ በር፣ እንቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር፤ ስሙ ራሱ ማን ይገባበት እንደነበር ይናገራል። ከዚያ የፋሲልን ግንብ አሳያቸው። አራቱ ማማዎች ላይ የእንቁላል ግማሽ የመሰለ ጉልላት አለ። ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ሆኖ የመስኮቱ ቅስት ለምን ቀላ እንዳለ ሚሚ ትጠይቅሽ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ ስለሆነ ለቅርጽ ይመቻል። ፎቁ ላይ የሚወጣ ሰው ካለ ባልሽ ይውጣ። ልጆቹ አይወጡም፤ ከላይ የሚይዛቸው ነገር የለም።

ድንጋዩን ያያያዘውን ነጭ ኖራ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ግንቡን በሲሚንቶና በብረት ጠግኖት ነበር። ሲሚንቶ እርጥበቱን አያስወጣም፤ ውሃው ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን ይጎዳዋል። ኖራ ግን ይተነፍሳል፤ በኋላ ሲጠገን በኖራ የተተካው ለዚህ ነው። ያው ኖራ በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ባቢ ደግሞ እጁ አያርፍም። እጁን የምትይዢበት ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ እንግሊዝ ጣሊያንን ለማስወጣት የጣለው ቦምብ ጨመረበት። ፍርስራሹ ለመውጣት የሚጋብዝ ነው፤ እዚያ በተለይ ባቢን አትልቀቂው። የአንበሶቹን ቤትም ይወዱታል፤ አሁን ባዶ ነው።

ሰዓት ከተረፋችሁ ቁስቋም ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ ባሏ አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እሷ ዘውድ ጭና ስለ እሱ ገዛች፣ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥትም አሠራች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲመጣ በቁስቋም የቤተ መንግሥቱን ልጆች ፈንጣጣ ይዟቸው ነበር፤ በርና መስኮቱን አስከፍቶ፣ ክፍሉን በእጣንና በከርቤ አጥኖ አስታመማቸው። ምንትዋብ ግን ከዚያ በፊት ልጇ ኢያሱን በ1755 ቀብራለች፤ የልጅ ልጇን ኢዮአስን ደግሞ የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 አስገድሎባታል። በ1773 እስክታርፍ ከዚያው ኖረች። የሦስቱም አጽም በአንዲት ትንሽ የመስታወት ሳጥን ነው የሚታየው፤ ሴት አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ። ያችን ሳጥን ባየሁ ቁጥር ከሥሯ ቶሎ መነሳት ያቅተኛል። ለልጆቹ ግን አታሳያቸው፣ ሚሚ ሌሊት ትባንናለች። አንቺ ብቻሽን እያት።

እናንተን በዚያ አጥር ሥር ለስንት ዓመት ትምህርት ቤት አመላለስኩ፣ አንድም ቀን ይዣችሁ አልገባሁም። ሁሌ ነገ እላለሁ። ይቆጨኛል።

መዋኛው ከጥምቀት ውጭ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ውሃው ከቀሃ ወንዝ ለበዓሉ ነው የሚገባው። ባዶ ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ ገንዳው ጥልቅ ነው። አጥሩን ያቀፈውን የዋርካ ሥር ባቢ ሲያይ መሰላል ነው የሚመስለው። እጁን፣ ልጄ፣ እጁን!

ምሳ እኔ ጋ ነው፣ ውጭ እንዳትበሉ። ለሚሚ ወፍራም ሹራብ ያዢላት። የባቢን የጫማ ቁጥር ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ ጥርስ ያለውን ከዚህ እገዛለታለሁ።

እናትሽ