ስለ እትዬ ጉዳይ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ስለ ዝምታዬ ይቅር በይኝ። ሰበብ ብደረድር አንቺው ትስቂብኛለሽ፣ እንለፈው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጉዳይ ባይገጥመኝ ዛሬም አልጽፍም ነበር። ጉዳዩ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያሉት ጎረቤትሽ፣ እትዬ ናቸው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእኛ ከ1943 ጀምሮ ሲቆጠር 75 ዓመት ሞላው፤ ስመ ጥር ተማሪዎቹን በተከታታይ እንድናወጣ ታዘናል። አለቃዬ ሚኒስትርና አምባሳደር፣ ከዚያም ተሸላሚ ይወዳል። እነዚህ አይከብዱም። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በፈረንጅ 1963 ተመርቀው በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል፤ ሰነዱ ሞልቷል። በፈረንጅ 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ገቢሳ እጄታ ደግሞ በእኛ 1965 ከዓለማያ ሲመረቁ፣ ኮሌጁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር። የዛሬው ሐረማያም አዲስ አበባም «የእኛ ናቸው» ቢሉ ያስኬዳል። ጸሐፊው ግን የዛሬውን ስም ወደ ኋላ ወስዶ ከለጠፈ ጽሑፉ እዚያው ይበላሻል።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ሬጅስትራር የሚሰጠን የተመረቁትን ዝርዝር ብቻ ነው። በዚህ ከሄድን ጥላሁን ግዛው እንኳ አይገኝም፤ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳለ በታኅሣሥ 1962 ተገደለ እንጂ ጋውን አልለበሰም። እትዬም በ1960 ገብተው መሐል ላይ ያቋረጡ ናቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው ያልገባበት ተከታታይ ጽሑፍ ለእኔ የሲቪ ክምር ነው።

እና... እንዴት ልበልሽ፣ ሄደሽ አናግሪልኝ። «እኔ መች ተመረቅሁ» ብለው እንዳይመልሱሽ ስለ ስመ ጥርነት ትንፍሽ አትበይ። ከሴቶች ማደሪያው ጀምሪ፤ ክፍል የተጋራቻቸው ማን ነበረች፣ የትኛው መምህር አስለቀሳቸው፣ ምን ወደቁ። ስለ ማቋረጣቸው የምትጠይቂው ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ጠዋት፣ ሳይደክማቸው ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል አታሳልፊ። በሁለት ስልክ ቅጂ። ደግሞ እባክሽ፣ ሰው ሲያለቅስ አብረሽ አታልቅሺ፤ የአንቺን ንፍጥ ከመቅጃ ላይ ማጽዳት ሰልችቶኛል።

ዓመቶቹን በሁለት ረድፍ ያዢ፣ በእኛና በፈረንጅ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7 ደምሪ፣ ከዚያ ወዲህ 8። ታኅሣሥ 1962 ማለት 1969 ነው፤ ሐምሌ 1962 ግን 1970። ለመግቢያውም ለመውጫውም አንዱን ቁጥር የደመረ፣ አራት ዓመት የተማረውን ሰው ሦስት ዓመት ያደርገዋል። በተቃራኒው ዓመት ቢተርፍ «ደግመው ነው» ብለሽ አትደምድሚ። ከ1957 ጀምሮ የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበረ፤ ከታኅሣሥ 1967 በኋላ ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻው ትምህርቱን ሁለት ዓመት ገደማ ዘግቶታል።

ስማቸውን እዚያ በሚጠሩበት እንዳትልኪልኝ፤ በባል ስም ከፈለግን መዝገቡ ውስጥ የሉም። ሲገቡ ያስመዘገቡትን የአባትና የአያት ስም ጠይቂልኝ። የተማሪዎቹን ጋዜጦች በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ የአዲስ ዘመንን ጥራዝ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በወመዘክር፣ እኔ አገላብጣለሁ። የእሳቸው ትዝታ ከጋዜጣው ጋር ቢጋጭ ሁለቱንም እንጽፋለን፤ አዲስ ዘመንም ያኔ በመንግሥት የሚታዘዝ ነበር። የክፍል ጓደኛ ስም ካነሱ ስልኩን ተቀበዪ፤ ያለ ሁለተኛ ምስክር የማወጣው ነገር የለም።

ረቂቁን ላንብበው ካሉ የተናገሩትን ቃልና ዓመቶቹን ብቻ በስልክ እናነብላቸዋለን። ሙሉው ከተላከ ልጆቻቸው ገብተው የሙገሳ ደብዳቤ ያደርጉታል፣ ታውቂያለሽ።

አሮጌ ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጪ፣ ብዙ ጊዜ ቀን ተጽፎበታል። ሁለቱንም ገጽ በ300 ዲፒአይ ስካን አድርገሽ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኪልኝ። እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቃል፣ ለሕትመት አይሆንም። እምቢ ካሉም አታስጨንቂያቸው፤ ለእኔ ብቻ ደውዪልኝ።