ጓሮው ብቻውን ልጅ አያሳድግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ረሃብ ስትጽፉ የምታወጡት ፎቶ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አጥንቱ የወጣ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሕፃን። እኔ የምጽፍላችሁ በእንደዚህ ዓይነት ፎቶ ስለማይታይ ረሃብ ነው።

በመካከለኛው አሜሪካ ባለችው ጓቲማላ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ቀንጭረዋል፤ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 የተካሄደው ብሔራዊ የጤና ጥናት ያገኘው 46.5 በመቶ ነው። የአገሩ ነባር ነዋሪ በሆኑት በማያ ሕዝቦች ዘንድ ይብሳል፤ ቶቶኒካፓን በተባለው ደጋ ከ10 ልጆች 7ቱ ገደማ ቀንጭረዋል። ልጆቹ ግን ከሲታ አይደሉም። የጎረቤት ልጆችም እንደነሱ አጭር ስለሆኑ የሚደነግጥም የለም።

«ማያ ድሮም ሲፈጠር አጭር ነው» የሚሉ አሉ። ይሄ አባባል በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ወላጆቻቸው ወደ አሜሪካ ተሰደው እዚያ ያደጉ የማያ ልጆች ሲለኩ፣ ጓቲማላ ካሉት እኩዮቻቸው በአማካይ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ረዝመው ተገኝተዋል። ዘሩ ያው ነው። የተለወጠው ኑሮው ነው።

ማያዎች እርሻ አያውቁም እንዳይባል ደግሞ ሚልፓ የሚሉትን ባህላዊ ማሳቸውን ማየት ይበቃል። በቆሎው ይቆማል፣ ቦሎቄው እሱን ተደግፎ ይወጣል፣ ዱባው መሬቱን ይሸፍናል፣ በመካከሉ ማኩይ፣ ብሌዶና ቺፒሊን የሚባሉ ቅጠሎች ይበቅላሉ። አያቶች ለቅመው ሾርባ የሚሠሩባቸው ናቸው፤ ብረትና ቫይታሚን ኤ አላቸው። ግን መሬቱ ለቡና እርሻ ተወሰደ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1996 የእርስ በርስ ጦርነት ነበር፣ ለብዙ ቤተሰብ የቀረው ቁራጭ መሬት ነው። ገበታውም ወደ በቆሎ ቂጣ ብቻ ጠበበ።

የጓሮ አትክልት ይሄን ይመልሳል ብዬ አምናለሁ። ግን ዘር አድሎ መሄድ በቂ አይደለም። ጓሮ ሙሉ ጎመን እያለ ሕፃኑ ቂጣ በመረቅ ሊበላ ይችላል። ችግሩ የሚከፋው 6 ወር ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ለሕፃን የሚሰጠው የቦሎቄው ውኃ ነው፣ ቦሎቄው አይደለም፤ አንዳንዴም ስኳር የገባበት ቀጭን ቡና። እናትየው ልጇን ስለማትወድ አይደለም፣ ለትንሽ ሆድ የሚስማማው ቀጭን ነገር ነው ተብላ ነው ያደገችው። «ቦሎቄውን ፍጪው፣ ቅጠሉን ቀቅለሽ ጨምሪበት፣ ከተገኘም እንቁላል» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል፣ እሱንም አብሯት እሳት ዳር ተቀምጦ ሠርቶ የሚያሳያት።

በየትኛው ቋንቋ? ጓቲማላ ውስጥ 22 የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ኪቼ፣ ካክቺኬል፣ ማም፣ ኬክቺ ሌሎችም። ስፓኒሽ የማይገባቸው እናቶች ብዙ ናቸው። በስፓኒሽ የተጻፈ ፖስተር ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ለእነሱ ምን ይሠራል? መንደሩ የሚያምናቸው አዋላጆች አሉ፣ ትምህርቱ በእነሱ አፍ ቢመጣ ይሰማል።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። በዚያው በጓቲማላ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በ4 መንደሮች የተደረገ ጥናት አለ። መንደሮቹ የማያ አልነበሩም፣ የሕፃን አካል ግን የትም አንድ ነው። 2 ዓመት ሳይሞላቸው ፕሮቲን ያለው አጥሚት ያገኙ ወንዶች፣ አድገው ሥራ ሲይዙ የሰዓት ገቢያቸው ካላገኙት በ46 በመቶ በልጦ ተገኘ።

ጓሮ ብቻውን ቁመት ይጨምራል እያልኩ አይደለም። ውኃው ካልጸዳና ሕፃኑ በየሳምንቱ ካስቀመጠው የበላው አካሉ ላይ አይቀርም። ለዚህ ነው ጓሮው፣ ትምህርቱና ንጹህ ውኃው አንድ ላይ ይሂዱ የምለው።

እስኪ እናንተም ስለዚህ ነገር ጻፉ። ፎቶ ካስፈለጋችሁ የቁመት መለኪያ ላይ የቆመች ልጅ አውጡ፣ ዕድሜዋንም ከሥሩ ጻፉበት።

አንባቢያችሁ