ይድረስ ለአባባ፣ ስለ ቀኝ ትከሻዎ

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ከዘጌ ጀልባው ሲነሳ ሊሰናበቱኝ ቀኝ እጅዎን አነሱና መሀል ላይ ቀረ፤ ፊትዎ ጭፍግግ አለ፤ ስንብቱን በግራዎ ጨረሱት። ለእማማ «ብርድ ነው» ብለዋታል አሉ። ብርድ አይደለም አባባ።

ባሕር ዳር ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክንድዎን በጎን ስታነሳው ትዝ ይልዎታል? ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ላይ ጮኹ፤ ካለፈ በኋላ «ቀለለኝ» ያሉት ራስዎ ነዎት። እዚያ መሀል ላይ ነው ጅማቱ ከላይ ባለው አጥንት ስር የሚጨነቀው። ክንድን ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ብቻውን አያነሳውም። ከስሩ ያሉ 4 ትናንሽ ጡንቻዎች የክንዱን አጥንት ራስ ቦታው ላይ ጨብጠው ይይዙለታል። እነሱ ሲሰንፉ ትልቁ ጡንቻ አጥንቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ጅማቱ የሚያልፍበት ክፍተትም ይጠባል። ታንኳን በአንድ ጎን ብቻ ሲቀዝፏት እንደምትዞረው ማለት ነው። ጀርባዎ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት የሚያዞሩት ጡንቻዎችም ሲለግሙ፣ አንገት ስር ያለው ጡንቻ የእነሱን ሥራ ደርቦ ይሠራል። ቡና ለቅመው ሲገቡ «አንገቴ ደረቀ» የሚሉት ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«እጄ ከዳኝ፣ አረጀሁ» ማለትዎ ግን ከሁሉ በላይ አሳዘነኝ። ሕመም ራሱ ጡንቻን ያፍናል፤ ጉልበት አለ፣ እንዳይወጣ ተይዞ ነው።

ወጌሻው ጎትቶ ካሸዎት በኋላ ሁለት ሌሊት እንዳልተኙ ሰምቻለሁ። ውልቃት ያውቅ ይሆናል፤ ይህ ግን ውልቃት አይደለም፣ እባክዎ አይመለሱበት።

የላክሁት ጥቁር ላስቲክ ከብስክሌቴ ጎማ ውስጥ የወጣ ነው። አንዱን ጫፍ ከምሰሶው እሰሩት፤ ምሰሶው በግራዎ በኩል ይሁን። ቀኝ ክርንዎን አጥፈው ከጎንዎ ያጣብቁ፤ በመሀሉ የታጠፈ ነጠላ ያድርጉ፣ ነጠላው ከወደቀ ክርኑ ሸሽቷል ማለት ነው። ከዚያ ላስቲኩን በቀኝ እጅዎ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይሳቡ፣ ቀስ ብለው ይመልሱ፤ 10 ጊዜ። ጥቂት ቢያምዎት አይደንግጡ፤ ሌሊት የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ግን ይቀንሱ። በሳምንት ለውጥ የለም ብለው እንዳይጥሉት፣ ወራት ይፈልጋል።

በቀኝ ጎንዎ አይተኙ። ከራስ በላይ ያለውን የቡና ቅርንጫፍ ለወንድሜ ይተዉለት፤ ዝቅ ያለውን ግን ራስዎ ይልቀሙ፣ እጅ አንጠልጥሎ መቀመጥም ትከሻን ያደርቃል።

ላስቲኩን ከስኳሩ ጋር ጠቅልዬ በጀልባ ሰድጄዋለሁ። ስኳሩ የእማማ ነው።

ልጅዎ