ለአያ፣ ለልጆቹ፣ ለሁላችሁም፦ እግዜር ይስጥልኝ

የደብረ ማርቆስና የአካባቢው ወዳጆቼ፣ እስክስታ የማስተምራቸው ልጆች ወላጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የጉልበቴን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ምርኩዙን ጥያለሁ፣ ቀስ እያልኩ እራመዳለሁ። ትከሻዬማ ድሮም አልታመመ!

ከማን እንደምጀምር አልተቸገርኩም። ከአያ ነው። ልጆቹ «አያ» ብቻ ነው የሚሏቸው፤ ስሜን በአደባባይ እንዳታነሳ ብለው ስላስማሉኝ እኔም በዚሁ ልጥራቸው። እኔ አልጋ ላይ ስውል ትምህርቱ ይበተናል ብዬ ነበር። አያ በማግስቱ ከበሯቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ቆዳው እርጥበት ይዞ ይላላል። ስለዚህ ልጆቹ ሳይደርሱ ከከሰል ምድጃው ዳር ያስጠጉታል፤ በመዳፋቸው ይዳስሱታል፣ ጠፍሩን ይስባሉ፣ ሰፊውንም ጠባቡንም አፍ መታ መታ ያደርጋሉ። ድምፁ እስኪጠራላቸው ድረስ ሰው ቢያናግራቸውም አይመልሱም። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም የከፈላቸው የለም። ልክፈል ያልኩ ለታ የወረደብኝን ቁጣ ለእኔው ተዉልኝ።

አንዲት ዓይን አፋር ልጅ አለች፤ ትከሻዋ እንቢ ብሎ ያስቸገረን። አያ በርጩማ ላይ አስቀመጧት፤ መዳፏን በአንደኛው የከበሮ ቆዳ ላይ አስደግፈው በሌላኛው በኩል መቱላት። ቆይተው «ትከሻሽን ተይው፤ ትንፋሽሽን ብቻ በጥርስሽ መሀል አውጪው» አሏት። እስ... እስ... እስ... ትከሻዋ ተከትሎ መጣ። ይህን በዓይኔ አላየሁም፣ በስልክ ነው የሰማሁት። ኔትወርክ በተገኘ ቀን ሁሉ ስልኩን ከበሮው አጠገብ ያስቀምጡልኝ ነበር፤ እኔም በጀርባዬ ተኝቼ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደዘገየ በትንፋሻቸው እለይ ነበር። የዚያች ልጅ ትንፋሽ ከሌሎቹ ጋር ሲገጥም... ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እዚህ ላይ እጄ አልጽፍ አለኝ።

ከአያ ጋር በአንድ ነገር አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለኝም። እኔ «አንድ፣ ሁለት» እያልኩ ነው የማስተምር፤ እሳቸው ቁጥር ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሳቸው ያደጉት በሰርግ፣ በደቦና በጥምቀት ነዋ! ልጁ ከክቡ ዳር ቆሞ ያያል፣ ያያል፣ አንድ ቀን ዘሎ ይገባል፤ አስተማሪ የሚባል ነገር የለም። ሴቶቹም በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ እንግጫ ነቀላ ላይ ከታላላቆቻቸው ነው የሚለምዱት። እውነታቸውን ነው። ግን የባህል ጨዋታችን መድረክ ከለመደም ቆይቷል፤ ሀገር ፍቅር ቴአትር እንኳ የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው። መድረክ ላይ ወንዶቹ ዱላ ይዘው በሰልፍ ሲቆሙ፣ ካልተቆጠረላቸው የአንዱ ዱላ የሌላውን ጆሮ ያገኘዋል።

ነገር ካነሳሁ አይቀር ይቺን ልናገር። እንግዳ ሲመጣ፣ በዓል ሲደርስ «ልጆቹን አምጣልን» እንባላለን። በማግስቱ «ልጄን አዝማሪ ልታደርግብኝ ነው ወይ?» የሚል ወላጅ ደጃፌ ላይ ይቆማል። ጎጃም እኮ የዋሸራ ቅኔ ቤት አገር ናት! ቅኔው ብቻ አይደለም፤ ደብተራው ከበሮና ጸናጽል ይዞ ይወርባል፣ መቋሚያውን ይዞ ይሸበሽባል፤ ያንን ለመልመድም ስንት ዘመን ይፈጅበታል። ወረብና እስክስታ አንድ ናቸው አላልኩም፣ ካህናቱ እንዳይቆጡኝ። ሰውነትም ተምሮ የሚይዘው ዕውቀት እንዳለ ግን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አልነበረብኝም። ደግሞ እዩልኝ፤ «አዝማሪ ልታደርግብኝ ነው» ካሉኝ አባት አንዱ ናቸው ክረምቱን በሙሉ ግቢያቸውን ለልምምድ የለቀቁልን። አባቴ፣ እድሜ ይስጥዎ።

ሐኪሞቼና ነርሶቼ፣ እድርተኞች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የደወላችሁ፣ ከውጭ አገር ያዋጣችሁ፣ በጸሎታችሁ ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። ስማችሁን ሳላነሳ ያለፍኳችሁ እንዳትቀየሙኝ፤ ከአልጋዬ ጎን ተቀምጣችሁ ያደራችሁትን አውቃለሁ። የባለቤቴን ውለታ እዚህ አልጽፈውም፣ እቤት እነግራታለሁ።

አዲሱን ዓመት በሰላም ያድርሰን። ትምህርቱ ከመስቀል በኋላ በዚያው ግቢ ይቀጥላል፤ እኔ ለጊዜው ተቀምጬ ነው የማስተምረው። የአያ ከበሮ በጠባቡ በኩል መሰንጠቅ ጀምሯል፤ በደንብ የለፋ ቆዳ ያላችሁ አሳዩን። አይተው የሚመርጡት ግን እሳቸው ናቸው።