አባባ፣ ስለዚያ ፍንዳታ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት?

ባለፈው በስልክ «አየሽ፣ ሳይንሱም ዞሮ ዞሮ ዘፍጥረት ጋ መጣ!» ብለው ሲስቁ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። ድሮ «ዝግመተ ለውጥ» የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ከገበታ ይነሡ ነበር። ዛሬ ቢግ ባንግን፣ «ታላቁ ፍንዳታ» የሚባለውን የጽንፈ ዓለም አጀማመር ሐሳብ፣ ሲያሞግሱ ስሰማ ግራ ገብቶኝ ነው።

አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ። ዦርዥ ለሜትር ይባላል። ቤልጂየማዊ ነው፤ የካቶሊክ ቄስም፣ የፊዚክስ ሊቅም። እ.ኤ.አ. በ1927 ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው ብሎ ጻፈ። በ1931 ነገሩን ወደ ኋላ አጠነጠነው። እየሰፋ ከመጣ፣ ጥንት ሁሉም አንድ ላይ ታጭቆ ነበር ማለት ነው። ብዙዎች አልጣማቸውም። «ቢግ ባንግ» የሚለውን ስም በ1949 በሬዲዮ ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ሆይል ራሱ ሐሳቡን የማይቀበል ሰው ነበር።

በ1951 የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ልክ እንደ እርስዎ ደስ አላቸው። ሳይንስ «ብርሃን ይሁን» ለተባለበት ቅጽበት የመሰከረ ያህል አድርገው ተናገሩ። ደስ ያላለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቄሱ ለሜትር! ቲዎሪው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፣ የማያምነውም ሰው ሊቀበለው ይችላል ባይ ነበር።

እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እምነትዎን ስሌት ላይ ካስደገፉት፣ ስሌቱ ነገ ሲሻሻል ምን ሊሆኑ ነው? የሕይወትም ነገር እንደዚያው ነው። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። የመጀመሪያው ሕዋስ ግዑዝ ከሆነ ነገር እንዴት እንደተነሣ ግን እስካሁን አልተፈታም። እርስዎ «በቃ፣ እግዚአብሔር እዚያ ጋ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን መልሱ ላቦራቶሪ ውስጥ ቢገኝስ አባባ? ከዚያ ሊያስወጡት ነው?

ስለ ስድስቱ ቀን አልከራከርዎትም። ፀሐይ በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች ሦስቱ ቀኖች በምን ተለኩ ብዬ በልጅነቴ ብጠይቅዎ፣ በኩርኩም ነው የመለሱልኝ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት በዚሁ ጥያቄ ተጨንቋል። እሱን የሚኮረኩም አልነበረም።

ደግሞ ይህን ይስሙ። በ1964 ፔንዚያስና ዊልሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንቴናቸው ውስጥ የማይጠፋ ድምፅ አስቸገራቸው። የርግብ ኩስ ይሆናል ብለው ጠረጉት። አልጠፋም። ለካ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ጽንፈ ዓለም ሲጀምር ከነበረው ግለት የቀረ ጨረር ኖሯል። ለሜትር ይህን የሰማው በ1966፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው።

ያ አሮጌው ቴሌቪዥናችን ጣቢያ አልይዝ ሲል ሺሺሺ እያለ ነጭ ነጭ የሚረጨው ትዝ ይልዎታል? ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ይኸው ጨረር ነበር። እርስዎ ደግሞ ጎኑን በጥፊ ይሉት ነበር።

እሁድ እደውላለሁ።

ልጅዎ