ካንሰሩ የሞተው የት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በእጽዋት ውስጥ ስለሚገኙት ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችና ስለ ካንሰር በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። «ካንሰርን ይገድላል» ብላችኋል፤ የት እንደገደለው ግን አልነገራችሁንም።

እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። እንደ እናት የማያቸው አንዲት ጎረቤቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ኬሞ ጀምረው ነበር። ሁለት ዙር ከወሰዱ በኋላ ቀሩ። ቤታቸው ሄጄ ለምን ስላቸው የሽፈራው ዱቄት አውጥተው አሳዩኝ። «ይኸው ልጄ፣ ፀጉር የማይነቅል መድኃኒት አገኘሁ» አሉኝ። አሜሪካ ያለው ልጃቸው በስልክ የላከላቸውን ጽሑፍም አስነበቡኝ። ጽሑፉ ውሸት አልነበረም። ሽፈራው ውስጥ ኩዌርሴቲን የሚባል ፍላቮኖይድ አለ። ላብራቶሪ ውስጥ በሳህን ላይ የሚያድጉ የካንሰር ሴሎችን ይገታል፤ ይህ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ችግሩ ከሳህኑ እስከ ሰው ያለው መንገድ ነው። ሳህን ላይ ሴሉ በንጥረ ነገሩ ተነክሮ ይውላል። ስንጠጣው ግን ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። የገባውንም አንጀትና ጉበት ቶሎ ይለውጡታል። እጢው ዘንድ የሚደርሰው ሳህኑ ላይ ከነበረው እጅግ ያነሰ ነው። በኩዌርሴቲን ከበለጸጉት ምግቦች አንዱ ቀይ ሽንኩርት ነው። ወጣችን ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው። ካንሰር ግን ከቤታችን አልጠፋም።

ይህን የምለው እጽዋቱን ለማጣጣል አይደለም። እወዳቸዋለሁ። ሩቲን የሚባለው ፍላቮኖይድ ስሙን ያገኘው ቡናችን ውስጥ ጣል ከምናደርጋት ጤና አዳም ወገን ነው። ተስፋውም እውነት ነው። ከአንድ የህንድ ዛፍ የተገኘን ንጥረ ነገር መነሻ አድርገው ተመራማሪዎች ፍላቮፒሪዶልን ሠሩ። ሴል እንዲከፋፈል የሚያዙ ኢንዛይሞችን ያግዳል። የደም ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ ለዓመታት ተሞክሯል፤ ሆኖም ገና ሐኪም የሚያዘው መደበኛ መድኃኒት አልሆነም።

ከእኛው አፈር የወጣውን ታሪክ ብትጽፉት ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ። ከአጣጥ ወገን ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ቁጥቋጦ ሜይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር ተገኘ። ግኝቱ የታተመው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ፍላቮኖይድ አይደለም፤ ግን ትምህርቱ ለፍላቮኖይድም ይሆናል። ሰው ላይ ሲሞከር መርዝነቱ በረታና ተተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሱን ዘመድ ሠርተው የካንሰሩን ሴል ከሚለይ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣበቁት። መርዙን እጢው ድረስ የሚሸከምለት ተገኘ ማለት ነው። ካድሳይላ የተባለው ይህ መድኃኒት በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን ለበዛበት የጡት ካንሰር ተፈቀደ። 41 ዓመት ፈጀ! ቅጠሉን ቀቅሎ ከመጠጣት በጣም የራቀ ሥራ ነው። የአጣጥ ወገን መርዝ እንዳለው ሳያውቅ የሚቀቅል ሰው እንዳይኖርም እሰጋለሁ።

ሌላም አለ። ፍላቮኖይድ ከሕክምናው ጋር ሊጋጭ ይችላል። በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ዋነኛ ፍላቮኖይድ ቦርቴዞሚብ ከተባለው የመቅኔ ካንሰር መድኃኒት ጋር ተጣብቆ ሥራውን እንደሚያከሽፍበት በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሴሎችና በአይጦች ላይ አሳይቷል። ፋርማሲ የሚመጡ ታካሚዎችን «ሌላ የምትወስዱት ነገር አለ?» ስላቸው ብዙዎቹ «የለም» ይላሉ። ቆይተው፣ ሊወጡ ሲሉ፣ «ያው ሻይ ነገር እንጂ» ይሉኛል። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብለው ይፈራሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሚቆጣ ሐኪም አይቻለሁ። ቁጣው ግን ሰውን ከቅጠሉ አያርቀውም፤ የሚያርቀው ከሐኪሙ ነው።

እናንተን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ጥናቱ በሴል ላይ ይሁን፣ በአይጥ ላይ ይሁን፣ በሰው ላይ ይሁን፣ ርዕሱ ሥር በመጀመሪያው መስመር ጻፉልን። የሚበላውን ምግብና የተጨመቀውን እንክብልም ለዩልን፤ ሰላጣ ላይ ያለ ሽንኩርትና በፋብሪካ የታመቀ ዱቄት መጠናቸው አንድ አይደለም። የካንሰር ሐኪሞችንም ጋብዙና ታካሚው የሚጠጣውን ሳይፈራ የሚናገርበትን መንገድ ጠይቁልን።

ጎረቤቴ ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሕክምናቸው ተመልሰዋል። አብሬያቸው ሄድኩ። ዱቄቱን በፌስታል ይዘን ለሐኪሟ አሳየናት። አልተቆጣችም። ስሙን ካርዳቸው ላይ ጻፈችና ኬሞው እስኪያልቅ እንዲያቆዩት ነገረቻቸው። እሳቸውም እሺ አሏት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ
አዲስ አበባ