ፖስታውን ማን ላከው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ካሊፎርኒያ ውስጥ ጠበቃ ሳያቆሙ የፍቺ ጉዳይ የያዙ ወገኖች ኤፍኤል-335 የተባለውን፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ለሌላው ወገን በፖስታ መላኩን የሚያረጋግጠውን ቅጽ ቢጠነቀቁበት ደግ ነው። ወረቀቱን በፖስታ የሚልከው ባለጉዳዩ ራሱ አይደለም፤ 18 ዓመት የሞላው፣ ከክርክሩ ውጭ የሆነ፣ በሚልክበት ካውንቲ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው ነው። ፈራሚውም እሱ፣ ያውም ከላከ በኋላ። ቀድሞ ከፈረመ ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ እንደማለ ይቆጠራል። «የፍርድ ቤት ወረቀት» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ሰነድ በስሙ፣ አድራሻውም ፖስታው ላይ እንዳለው ይጻፍ። የፖስታ ቤት ደረሰኝ ቅጹን አይተካም።

በፖስታ ሲላክ፣ ተቀባዩ መልስ እንዲሰጥ በተወሰነው ጊዜ ላይ፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ከሆነ 5 ቀን፣ አዲስ አበባ ከሆነ 20 ቀን ይታከላል። የመጀመሪያው መጥሪያ ግን በዚህ ቅጽ አይሄድም፤ በፖስታ ተልኮለት ተቀባዩ መቀበሉን ፈርሞ ካልመለሰ በእጅ መስጠት ነው።